አበጠ ምን በደለ?

«ያበጠው ይፈንዳ!» ብሎ የሚነሳ ሰው ሲኖር ስብሰባው ሁሉ ወንበሩን ያስተካክላል። የዕድር ስብሰባ ይሁን የውርስ ክርክር ወይም የመሥሪያ ቤት ግምገማ፣ ያ ሰው ከተናገረ በኋላ ነገሩ እንደነበረ አይቀጥልም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ የትኛው እብጠት እንደሚያወራ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ምኑ ነው ያበጠው? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም አይቶታል? ማንም ግድ የለውም። ያበጠ ነገር ከመፈንዳት ሌላ ዕጣ እንደሌለው ሁላችንም አስቀድመን የተስማማን እንመስላለን።

ለዚህ ግስ አዝንለታለሁ። በአማርኛ ውስጥ እንደ «አበጠ» ስሙ የጠፋ ግስ ጥቂት ነው። በስልክ ውስጥ «አበጠ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጉንጭ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ወይም ለመቀመጥ በማያመች ቦታ ላይ የወጣ ብጉንጅ ነው። ከሥጋ ወጥቶ ወደ ጠባይ ሲሻገርም አይሻለውም። «ልቡ አብጧል» የሚባለው ሹመት አግኝቶ ሰላምታ ያቋረጠ ሰው ነው። ልጆች ሲጣሉ «አብጠህ ፈንዳ!» ይባባላሉ። በደስታ ያበጠ ሙሽራ፣ አብጦ የተመረቀ ተማሪ፣ «እንኳን አበጥህ» የተባለ ባለ ልደት ሰምቼ አላውቅም።

እንግሊዝኛ ውስጥ የዚህ ግስ የሥራ ባልደረባ አለ፤ «ስዌል» ይባላል። ትምህርት ቤት ሳለን የምናገኘው ከመጽሐፉ ጀርባ ባለው ያፈነገጡ ግሶች ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን በዜማ ስንወርድ፣ ዋናተኛው «ስዊም» ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ «ስዌል፣ ስዌልድ፣ ስዎለን» እንል ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «አበጠ» ብለው ጽፈው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ትርጉሙ ልክ ነው። ግሱ ግን ከዚያ ሰሌዳ ውጭ ለእኛ ያልነገሩን ሰፊ ኑሮ ነበረው።

ዕድሜው ከሺህ ዓመት በላይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስዌላን» ይሉት ነበር፤ ጀርመኖች «ሽቬለን»፣ ሆላንዶች «ዝዌለን» የሚሉ ወንድሞቹን ይዘው ቀርተዋል። የጥንት ኃላፊ ጊዜው ሞቶ «ስዌልድ» የሚል ተተኪ ሲሾምለት፣ «ስዎለን» ግን ጡረታ አልወጣም ብሎ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ እንግሊዞች እግር ሲያብጥ አሮጌውን፣ የሰው ቁጥር ሲያብጥ ደግሞ አዲሱን መልክ መጠቀም ይቀናቸዋል። ተማሪ ሁለቱንም እንዲሸመድድ የተፈረደበት በዚህ ምክንያት ነው። በመካከለኛው ዘመን ለትዕቢትና ለቁጣም ይውል ጀመር። እስከዚህ ድረስ ከእኛው አበጠ ጋር ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። እንግሊዞቹ ትዕቢት ጭንቅላት ያሳብጣል ሲሉ እኛ ልብ ያሳብጣል ማለታችን ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ሁለቱንም ያሳበጠ አለቃ የነበረው ሰው ልዩነቱን ቁም ነገር አይለውም።

መንገዳቸው የተለያየው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። የለንደን ሰዎች በተወጠረ ሰደሪያና በሚያብረቀርቅ ጫማ የሚንጎራደደውን ዘናጭ «ስዌል» ይሉት ጀመር። ሲጀመር ሹፈት ነበር፤ «ያ የተነፋው ሰውዬ» እንደማለት። ነገር ግን ዘናጭን እያሾፉበትም ማየት የማይተው ሕዝብ ብዙ ነውና፣ ሹፈቱ ቀስ በቀስ ረግፎ አድናቆቱ ቀረ። ቃሉ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ጭራሽ «ድንቅ» ማለት ሆነ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ባርኔጣውን ወደ ኋላ የገፋ ወጣት «ድግሱ እንዴት ነበር?» ሲባል ጥርሱን እያሳየ «ስዌል!» ይላል። ቃሉን እንደ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ከወሰድነው «አብጦ ነበር» ማለቱ ነው። አምቡላንስ የሚጠራ ግን የለም። ዛሬ እንዲህ የሚል አሜሪካዊ ብትሰሙ ወይ አያት ነው፣ ወይ አያቱን እያስመሰለ ነው።

ሙዚቀኞችም አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1712 አብርሃም ጆርዳን የሚባል ኦርጋን ሠሪ ለንደን ድልድይ አጠገብ ባለው የቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኦርጋኑን ቧንቧዎች በሚከፈትና በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ አስገባቸው። ሳጥኑ ሲከፈት ድምፁ ያብጣል፤ ሲዘጋ ይሟሽሻል። የሳጥኑም ስም «ስዌል» ሆነ። ምእመናኑ እንዲህ ያለ እብጠት ሰምተው ወደ ቤታቸው በሰላም ገቡ።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን የመርከበኞቹ ነው። መርከበኛ እዚያው በፊቱ በነፋስ የሚነሳውን ማዕበል በሌላ ስም ይጠራና፣ ሩቅ ቦታ በተነሳ አውሎ ነፋስ ተወልዶ ነፋሱን ጥሎ የመጣውን ረጅምና ልስልስ ማዕበል «ስዌል» ይለዋል። ቬየና የተወለደው አሜሪካዊ የውቅያኖስ ሊቅ ዋልተር ሙንክ ይህን ለዓመታት አጥንቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከኖርዌጂያዊው ሃራልድ ስቬርድሩፕ ጋር ሆኖ የባሕሩን ማበጥና መርገብ አስቀድሞ የመተንበይ ዘዴ አወጣ፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 የአጋር ኃይሎች ጦር ኖርማንዲ ሲወርድ ሥራ ላይ ውሏል። በ1963 ደግሞ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ የመለኪያ ጣቢያዎች ደረደረ። አንዱ ጣቢያ ሳሞዋ ላይ ነበር፤ እዚያ ሙንክ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ይለካል። ጥናት ሲባል አንዳንድ ሰው ዕድል አለው። በአንታርክቲካ ዙሪያ በተነሳ ወጀብ ያበጠው ባሕር ፓስፊክን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከሳምንት በላይ ፈጅቶ አላስካ ሲደርስ ለኩት። ወጀቡን ከተለየ በኋላ በመንገድ ላይ ያጣው ጉልበት ትንሽ ነበር። ያበጠው አልፈነዳም! ፓስፊክን አቋርጦ ባሕር ዳርቻ ደረሰ፤ እንዲህ ያለውን ማዕበል በየዳርቻው የሚጠብቁ ጎረምሶችም በሳንቃቸው ይንሸራተቱበታል።

ታዲያ እንግሊዝኛ ለአንድ ግስ ይህን ሁሉ ሥልጣን ሲሰጥ የእኛው ለምን ብጉንጅ ላይ ቀረ? አማርኛ እብጠትን ስለሚጠላ አይደለም። እንዲያውም በጣም ይወዳል። የሚወደውን እብጠት ግን በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ሊጥ ሲያብጥ «ኩፍ አለ» እንላለን። ሕፃን ይፋፋል እንጂ አያብጥም፤ «ልጅሽ አበጠ» የተባለች እናት ዕቃዋን ጥላ ነው ወደ ሐኪም ቤት የምትሮጠው። ወንዝ ይሞላል፣ ፀጉር ይጎፍራል፣ ክንድ ይፈረጥማል፣ ሆድ በጾም ባቄላ ይነፋል፣ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ቦርጭ ይሆናል። ዋጋ እንኳ፣ የሁሉም ጠላት የሆነው ዋጋ፣ ሲያብጥ «ናረ» ይባላል፤ ምሁራኑ ከዚህም አልፈው «ግሽበት» የሚል የክብር ስም ሰጥተውታል። በየመሥሪያ ቤቱ ሽልማት ሲኖር የሚረሳ፣ ለቅሶ ሲኖር ግን «እሱ ይሂድልን» የሚባል ሠራተኛ አለ። አበጠ እሱ ነው።

ይህ የሥራ ድልድል በደንብ የሚታየው አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ነው። ገና ደጃፍ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እናቴ ጎንበስ ብላ «ውይ እግርሽ! አብጧል እኮ!» ትላለች። ቀና ብላ ፊቷን ታይና «ፊትሽ ግን ሞልቷል፤ ተስማምቶሻል» ትላታለች። ያው አንድ ሰው ናት፣ ያው አንድ አውሮፕላን ነው ያመጣት። ከጉልበት በታች ያለው አበጠ፣ ከአንገት በላይ ያለው ሞላ። አክስቴ በበኩሏ አሜሪካ ብዙ ስለቆየች እግሯ ማበጡ ምንም አይመስላትም፤ ፊቷ ሞልቷል መባሉ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስገላብጣት።

«የሰማዩ ብርድ ነው እግርሽን ያሳበጠው» ትላለች እናቴ፣ ሙቅ ውሃና ጨው በሳፋ እያቀረበች።

ብርዱ አይደለም። የባት ጡንቻ ስንራመድ ደምን ወደ ላይ ወደ ልብ የሚገፋልን እሱ ነው። ከአሥር ሰዓት በላይ በዚያ ጠባብ ወንበር ተቀምጦ የሚያድር ሰው ባቱን ሥራ ያስፈታዋል፤ ፈሳሹም ታች ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። በአውሮፕላኑ መተላለፊያ ወዲያ ወዲህ እያሉ እንቅልፋችንን የሚያቋርጡት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ እናመስግናቸው። ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። አንዱ ብቻ ካበጠና ካመመ ግን የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ይህን ለእናቴ አስረዳኋት። እናቴ ከሰማችው ትምህርት ሁሉ የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው ይዛ የምታስቀረው። «ሁለቱም ከሆነ ደህና፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ሐኪም» ብላ ያዘችው።

ከዚያ ሻንጣው ተከፈተ። ከሸሚዞቹ መሀል ለመፈንዳት አንድ ሐሙስ የቀራቸው የቺፕስ ከረጢቶች ብቅ አሉ።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለች እናቴ። «ከዚህ ቤት ማንም እንዳይቀምሰው።»

«ኧረ እትዬ! ከትናንት ወዲያ ነው የገዛሁት!»

«አብጧል እያልኩሽ!»

የእህቴ ልጅ በዚህ መሀል እጁን ሰዶ ከሁሉ የበለጠ ያበጠውን መረጠ። ይህ ልጅ ጂም የሚሄድ፣ እንቁላሉን እንኳ ነጩን ለይቶ የሚበላ ጎረምሳ ነው፤ ለቺፕስ ግን ሁልጊዜ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ልዩ ፈቃድ አለው። የተነፋው ከረጢት የበለጠ የሞላ ስለመሰለው ነበር እሱን የመረጠው።

አልተበላሸም፤ አልሞላምም። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የሚጫነን አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። አየርላንድ የተወለደው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ የታሰረ አየር ከውጭ የሚጫነው ሲቀንስለት ይሰፋል። እዚያ አንድ ሊትር የነበረው እዚህ ሲደርስ 1.3 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ድንቹ ግን ያው ድንች ነው፤ አንዲት ቁራጭ አልጨመረም። ልጁ የመረጠው ብዙ አየር ነው።

በዚህ ላይ የአውሮፕላኑ ነገር ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ከረጢቱ ሰማይ ላይ አብጦ ሲያርፍ የሚሟሽሽ ይመስለዋል። ወደ ሌላ ሀገር ብትሄዱ እውነት ነው። በትልልቅ አውሮፕላኖች ካቢን ውስጥ ያለው አየር በአብዛኛው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ ነው የሚስተካከለው፤ ሻንጣ የሚጫንበት ክፍልም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር ደግሞ ለተሳፋሪ ምቾት ሲባል ካቢኑን ከ1,800 ሜትር ብዙም አያሳልፈውም። ቦሌ ግን ከዚያ በላይ ነው! ስለዚህ ድሪምላይነሩ ከደመናው በላይ ወደ ቦሌ ሲወርድ፣ ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ወደ ቦሌ ይወጣል። አብራሪው «መውረድ ጀምረናል» ሲል፣ ሻንጣ ውስጥ ያለው ቺፕስ ሽቅብ እየሄደ ነው። አንዳንድ መንገደኛ ዘመዶቹ ጋ ሲደርስ ሻምፖው ክዳኑን ገፍቶ የሠርግ ልብሱን አጥቦ የሚያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከውጭ የገባ ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያብጠው ትዕቢት ይዞት አይደለም። እዚህ የሚጫነው ስለቀለለ ነው። ይህ ሕግ ከውጭ በሚገቡ ሰዎች ላይም ይሠራ እንደሆነ አክስቴ ወደ ዋሽንግተን እስክትመለስ ድረስ አልናገርም። ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ወደ አዋሽ ይውረድ። 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሃይላንዱ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ያገኘዋል። ደገኛም ቆላ ሲወርድ ፊቱን እንዲሁ ያጨማድዳል፤ የእሱ ግን ከሙቀቱ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥም ይኸው የቀለለ አየር የራሱ ታሪክ አለው። ታናሽ እህቴ ኬክ ልትጋግር ስልኳን ማቡኪያው አጠገብ ዘርግታ፣ ፈረንጆቹ የጻፉትን በሻይ ማንኪያ እየለካች፣ አንዲት ነገር ሳታዛንፍ ሠራች። ኬኩ ምድጃ ውስጥ ኩፍ አለ። አሁንም ኩፍ አለ። ቤተሰቡ በሙሉ በመስታወቱ አጮልቆ «እሰይ» አለ። ከዚያ መሀሉ ድንገት ሰምጦ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። አሠራሩ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ያ የቤኪንግ ፓውደር መጠን እዚህ ሲመጣ አረፋዎቹ የሚጫናቸው አጥተው ከልክ በላይ ይሰፋሉ፤ ሊጡ ሳይጠነክር ግድግዳቸው ይበጠሳል። ያበጠው ፈነዳ ማለት ይህ ነው፤ ግስየው እዚህ ላይ ቢወቀስ አልከራከርለትም። ደገኛ ኬክ ጋጋሪ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ እርጥበቱን ትንሽ መጨመር፣ ምድጃውንም ጠንከር ማድረግ አለባት።

እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ የሰመጠውን ኬክ አየችና «አብሲት አልጣልሽበትም እኮ» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ሴትየዋ ብዙም አልሳተችም። እናቴ ከቦካው ሊጥ ላይ ቀንሳ፣ በፈላ ውሃ አብሲት አድርጋ፣ መልሳ ስትጥለው የበሰለው ክፍል ሊጡን አያይዞ ያንን የእርሾ አረፋ እንዲሸከም ያግዘዋል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ ፈንድቶ የሚተወው ቀዳዳ ደግሞ የእንጀራ ዓይን ይባላል። ዓይን የሌለው እንጀራ ጋጋሪውን ቢያሳፍርም የሚበላው አያጣም፤ ሦስት ቀን የተጠበቀው ግን ለዚያ መፈንዳት ነው። የእናቴ ባልትና ከባሕር ወለል ተቀድቶ የመጣ ስላልሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት በዚህ ደጋ ማስተካከያ አያስፈልገውም። ሊጡ ኩፍ ያለው እዚሁ ተወልዶ ነው።

በየቤቱ የሚያብጥ ሌላም ነገር አለ፤ በር። ስለ እሱ ብዙ አልልም። በክረምት እርጥበት የእንጨት በር ይወፍርና አልዘጋ ይላል፤ አናጢው መጥቶ ይልገዋል፤ ጥቅምት ሲመጣ በሩ ይከሳና ብርድ ያስገባል። በየዓመቱ አናጢው ያው ነው፣ ሒሳቡ ግን ያብጣል።

አበጠን ይህን ያህል ከደገፍኩ አንድ ቦታ ላይ ከወቃሾቹ ጎን መቆም አለብኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ አንድ ቀን ሆዷ የተነፋ የሳልሳ ቆርቆሮ ሰጠኝ። መለስኩለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ‹አዲስ አበባ ሲገባ ሁሉም ያብጣል› ብለው ያስረዱኝ?» አለኝ።

ብያለሁ። ቺፕሱን በሚመለከት ነው ያልኩት። ሳልሳ የሚታሸገው ትኩስ ሆኖ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ያነሰ ጉልበት ነው የሚኖረው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ችሎ ሆዱን ወደ ውስጥ እንደሳበ መቆየት አለበት። ወደ ውጭ ከተነፋ ውስጡ ጋዝ የሚያመርት ተሕዋስ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ አንዱ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ገዳይ መርዝ የሚሠራው ነው። ሳይከፈት፣ ሳይቀመስ፣ «ውጡ ላይ ሲፈላ ይሞታል» ሳይባል ይጣላል። ባለሱቁ ቆርቆሮዋን ተቀብሎ አገላበጣት።

«ሌሎቹ ግን አላበጡም» አለኝ መደርደሪያውን እያየ።

«እኮ! ቺፕሶቹ ሁሉም ናቸው ያበጡት፤ ሀገሩ ነው ያሳበጣቸው። ይቺ ብቻዋን ካበጠች ምክንያቱ ከራሷ ነው።»

ባለሱቁ ትንሽ አሰበና የቀበሌያችንን አንድ ባለሥልጣን ስም ጠርቶ «እንደ እሱ በሉኛ» አለኝ። ስሙን አልደግመውም። ሳልሳዋን ግን ዓይኔ እያየ ጥሏታል።

«ስዌል» እንግሊዝኛ ውስጥ ከአያቶች ጋር ሊያረጅ ነው ሲባል በጂም በኩል ተመልሶ መጥቷል። ብረት የሚያነሱት ወጣቶች የአሮጌው መልክ የ«ስዎለን» ዘመድ የሆነውን «ስዎል» ይዘው መጡ፤ ደረቱና ክንዱ በጡንቻ የተወጠረ ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገብቶታል። ባለ ሰደሪያው የለንደን ዘናጭ በሁለት መቶ ዓመቱ ሰደሪያውን አውልቆ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

አክስቴ ይህን ቃል ይዛ መምጣቷን ያወቅኩት አንድ ረቡዕ ምሳ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ከጂም መጣ። እጅጌ የሌለው ካኒቴራ ለብሷል፤ ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ፣ በሩን በአግድም የሚገባ ይመስል ቆም ብሎ ገባ። አክስቴ አየችውና እጇን አጨበጨበች።

«ዋው! ስዎል ሆነሃል እኮ!»

ልጁ መሬት አልበቃው አለ። እናቴ ሁለቱንም አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለችው?»

«ፈርጥመሃል» ማለት እችል ነበር። ትክክለኛው አማርኛ እሱ ነው። ግን አበጠ እስከ መቼ ለለቅሶ ብቻ ይላካል? አንድ ቀን እንኳ ሽልማት ላይ ይገኝ ብዬ፣ «‹አብጠሃል› ነው ያለችው፤ ማሞገሷ ነው» አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ልጁን ክንዱን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችውና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«ያምሃል?»

«አያመኝም፣ እማማ።»

«ያኛውንስ አምጣ። ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ ብቻ?»

«ሁለቱም» አልኳት እኔ።

«ተመስገን» አለችና ሽሮውን አወጣች።